ስም አውጥታ ስም ያጣች ዘፋኝ፤ የፍሎረንስ ባላርድ ሕይወት

በግቢያችን ስለ ሙዚቃ ጨዋታ ሲነሣ የዳያና ሮስን ስም የማያውቅ ተማሪ እምብዛም አይገኝም። ሱፕሪምስ የተባሉትን ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች በአሮጌ ፎቶግራፍ ያየ፣ ዘፈናቸውንም አንድ ቦታ የሰማ ብዙ ነው። ነገር ግን በፎቶግራፉ ላይ ከዳያና ሮስ አጠገብ የቆመችው ልጅ ማን ናት ብለን ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን ጥቂት ይሆናል። ያቺ ልጅ ፍሎረንስ ባላርድ ናት። ጓዱን ካቋቋሙት አንዷ እርሷ ነበረች፤ ሱፕሪምስ የሚለውን ስም የመረጠችም እርሷ ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ዘፈን በማውረድ ቀዳሚዋ እርሷ ነበረች። እንዲህም ሆኖ ገና በ32 ዓመቷ ስትሞት፣ ራሷ በመረጠችው ስም መጠራት በውል ከተከለከለች 8 ዓመት ሆኗት ነበር።

ታሪኳን የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የዳያና ሮስ ምኞትና የኩባንያው ጌታ አድልዎ አጠፋት ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጠጥ ነው ያጠፋት፤ ሌላ ሰው አይወቀስ ይላል። እኛ ሁለቱንም ሰምተን፣ ሕይወቷንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትለን ስንመዝነው፣ ሁለቱም ከፊል እውነት እንጂ ሙሉ እውነት ሆነው አላገኘናቸውም። በሁለቱ መካከል የተረሳ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ውል የሚባለው ወረቀት ነው። ይህንን ለማየት ግን ከልጅነቷ መነሣት ያስፈልጋል። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ፍሎረንስ ጁን 30 ቀን 1943 በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ ተወለደች። ዲትሮይት የመኪና ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ከደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የዘር መድልዎና ድህነት ያስመረራቸው ጥቁሮች በየፋብሪካው ሥራ ለማግኘት ወደ ሰሜን ይጎርፉ ነበር። አባቷም ከነዚህ አንዱ ሲሆን በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ልጆቹ ብዙ፣ ደመወዙ ግን ትንሽ ነበር። ሆኖም ጊታር ይጫወት ስለ ነበር ለልጁ ዘፈን ያስተማራት እርሱ ነው። እርሱም በ1959 ሞተ። ቤተሰቡ ይኖር የነበረው መንግሥት ለድሆች ባሠራው ብሩስተር በተባለው የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነበር። ሜሪ ዊልሰንና ዳያና ሮስም ያደጉት በዚሁ ሰፈር ነው።

ሜሪና ፍሎረንስ የተዋወቁት ገና ተማሪዎች ሳሉ በተሰጥኦ ውድድር ላይ ነበር። በ1959 ፕራይምስ የሚባሉ ወንዶች ዘፋኞች በዲትሮይት ነበሩና፣ ሥራ አስኪያጃቸው ሚልተን ጄንኪንስ እኅት የሚሆን የሴቶች ጓድ ለማቋቋም ባሰበ ጊዜ ፍሎረንስን አገኘ። እርሷ ሜሪን ጠራች፤ ከዚያም ዳያና ሮስና ቤቲ መግላውን ተጨመሩ። አራቱም ፕራይሜትስ ተባሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ገና ልጆች ነበሩ። በ1960 ወንዙን ተሻግረው በካናዳዋ የዊንድዘር ከተማ በተደረገ ውድድር አሸነፉ። አንዲት ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ደግሞ ይለዋወጣሉ። ከሁሉ የላቀ ጉልበት ያለው ድምፅ ግን የፍሎረንስ ነበር። ሸክላ በሚቀዳበት ክፍል ውስጥ የሌሎቹን ድምፅ እንዳይውጥ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ እንድትቆም ይደረግ ነበር ይባላል።

በዚያው በ1960 ከዳንስ ስትመለስ የምታውቀው አንድ ሰው በመኪናው ወስዶ አስገድዶ ደፈራት። ለሳምንታት ከቤት ሳትወጣ፣ ጓደኞቿንም ሳታገኝ ቆየች። ኋላ ሜሪ ዊልሰን በጻፈችው መጽሐፍ እንደ ገለጸችው፣ ደስተኛና ደፋር የነበረችው ልጅ ከዚያ በኋላ ሰው የምትጠራጠር፣ በቀላሉ የምትቆጣ ሆነች። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ጉዳት ሐኪም ይታይ፣ ምክር ይሰጥ የሚል ሰው አልነበረም። ልጅቱ ቁስሏን ይዛ ወደ መድረክ ተመለሰች። ስለ ፍሎረንስ ጠባይ የሚፈርድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢፈርድ ፍርዱ የጎደለ ነው።

አሁን ሞታውን ወደ ተባለው ኩባንያ እንለፍ። ቤሪ ጎርዲ የሚባል ወጣት ጥቁር በፎርድ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሠርቶ ነበር። በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በዲትሮይት በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። አሠራሩንም ከፋብሪካው ወሰደ፤ አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ያቀናብራል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ጭፈራ ያስተምራል፤ ምርቱም በሌላው በር ይወጣል። ፕራይሜትስ በ1960 ድምፃቸውን ሊያሰሙት ሲሄዱ መጀመሪያ ትምህርታችሁን ጨርሱ ብሎ መለሳቸው። እነርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በየቀኑ ወደዚያ ቤት እየሄዱ እጅ ማጨብጨብና ለሌሎች ዘፋኞች መቀበል ጀመሩ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 15 ቀን 1961 ውል ፈረሙ። ከውሉ በፊት አዲስ ስም እንዲመርጡ ታዘዙ፤ በወረቀት ተጽፎ ከቀረበው ዝርዝር ውስጥ ሱፕሪምስ የሚለውን የመረጠችው ፍሎረንስ ናት። የበላዮቹ እንደ ማለት ነው። ሌሎቹ ልጆች ስሙን አልወደዱትም ነበር።

ስሙ ይምረጥ እንጂ ዕድሉ ቶሎ አልመጣም። ከ1961 እስከ 1963 ያወጧቸው ሸክላዎች ብዙ አልተሸጡም፤ በኩባንያው ውስጥም መሳቂያ ሆነው ነበር። በቤቲ ቦታ የገባችው ባርባራ ማርቲን በ1962 ስትወጣ ሦስት ብቻ ቀሩ። ከሦስቱ የምታወርደው ማን ትሁን የሚለውን የወሰነው ቤሪ ጎርዲ ነው። የፍሎረንስ ድምፅ ሙሉና ከባድ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጠረን ያለው ነበር። የዳያና ድምፅ ግን ቀጭንና ልዝብ ሲሆን በሬዲዮ ለነጮች ጆሮ ይስማማል ብሎ ገመተ። ስለ ገበያው ያሰበው ስሕተት አልነበረም። በ1964 ማርቨሌትስ የተባሉት ሴቶች አንፈልገውም ያሉትን ዘፈን ለሱፕሪምስ ሰጣቸው። ዘፈኑ ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ ይባላል። እነርሱም ሳይወዱት ቀዱት። በዚያ የበጋ ወራት በአውቶቡስ ከተማ ለከተማ በሚዞር የዘፋኞች ጉዞ ላይ ከፕሮግራሙ ግርጌ ተጽፈው ተነሡ፤ ጉዞው ሳያልቅ ዘፈኑ በመላው አሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ እነርሱም ከግርጌ ወደ ራስጌ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ለጥቁር ሴቶች ያልታየ ነው። አምስት ሸክላዎች በተከታታይ አንደኛ ወጡ። ከኦገስት 1964 እስከ ሜይ 1967 ድረስ ፍሎረንስ ያለችባቸው አሥር ዘፈኖች የአሜሪካን የሽያጭ ሠንጠረዥ መርተዋል። በ1964 መጨረሻ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀረቡ፤ በ1965 የኒው ዮርክ ሀብታሞች በሚመገቡበት በኮፓካባና ዘፈኑ፤ በ1966 ደግሞ ኤ ጎ ጎ የተባለው አልበማቸው የሴቶች ጓድ ካወጣቸው አልበሞች ሁሉ የመጀመሪያው አንደኛ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው በደቡብ የጥቁሮች የመምረጥ መብት ገና በደም በሚጠየቅበት ዘመን ነው። የሶል ሙዚቃ በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ መዝለቁን፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴንም አዘፋፈን መንካቱን ለምናውቅ ለእኛ፣ የነዚህ ሦስት ልጆች ድል የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ከድሉ ጎን ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ኩባንያው የሸክላ አሳታሚያቸው ብቻ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጃቸውም እርሱ ነበር። ስለ ገንዘባቸው ከኩባንያው ጋር መከራከር የሚገባው ሥራ አስኪያጅ ራሱ የኩባንያው ክፍል ነበር ማለት ነው። የሸክላው መቅጃ ወጪ ከድርሻቸው ይቀነሳል፤ ገንዘቡ በኩባንያው እጅ ይያዛል፤ ለልጆቹም እየተቆነጠረ ይሰጣቸዋል። የጓዱ ስም የኩባንያው ንብረት ነው። ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዷም ይህን ያስተዋለች አትመስልም። ልብሱ ያብረቀርቃል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ዕድሜያቸውም ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ነው። ማን ወረቀት ያነባል?

ፍሎረንስ ያስተዋለችው ሌላውን ነገር ነው። መጀመሪያ ዘፈን ታወርድ የነበረች ልጅ ተቀባይ ሆነች፤ በመድረክ ላይ ብቻዋን ትዘፍነው የነበረው አንድ ዘፈን እንኳ ሳይቀር ተወሰደባት። ተራ በተራ ማውረድና መቀበል የነበረው ጨዋታ ቀርቶ አንዲት ብቻ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆኑ። በዓመት ውስጥ ዕረፍት የሌለበት ጉዞ፣ የቆየው ቁስል፣ ይህም ቅሬታ ተደማምረው ወደ መጠጥ መሩአት። በ1966 እና በ1967 አንዳንድ ቀን ዘግይታ መጣች፤ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ ከመድረክ ቀረች። ይህን አንሸሽገውም። ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ በተቀመጠበት አዳራሽ መቅረት ጥፋት ነው፤ የሁለቱንም ጓደኞቿን እንጀራ የሚነካ ጥፋት ነው። ኩባንያውም ይህን በማየት በኤፕሪል 1967 በሎስ አንጀለስ በተደረገ ትርዒት ላይ ሲንዲ በርድሶንግ የተባለች ዘፋኝ በእርሷ ቦታ እንድትቆም አደረገ። በጁላይ መጀመሪያ ፍሎረንስ ላስ ቬጋስ ከሚገኘው ከፍላሚንጎ ሆቴል መድረክ ወርዳ ወደ ዲትሮይት እንድትመለስ ተነገራት። ዳግመኛ ከሱፕሪምስ ጋር አልዘፈነችም።

በዚያው ወር መጨረሻ ዲትሮይት በሕዝብ ዐመፅ ተቃጠለች፤ 43 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሰሞን ሪፍሌክሽንስ የተባለው አዲስ ሸክላ ወጣ። በሸክላው ላይ የታተመው ስም ሱፕሪምስ ብቻ አልነበረም፤ ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ የሚል ነበር። ከኋላ ከሚሰሙት ተቀባዮች አንዷ ግን ፍሎረንስ ናት፤ ሸክላው የተቀዳው ከመባረሯ በፊት ነበርና። ድምፅዋ በገበያ ይሸጥ ነበር፤ እርሷ ቤቷ ተቀምጣ ነበር።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በፌብሩዋሪ 1968 ፍሎረንስ ከሞታውን ጋር የመለያየት ስምምነት ፈረመች። ስለ ስድስት ዓመት ሥራ 140 ሺ ዶላር ያህል ተሰጣት። በለውጡም ከኩባንያው ሌላ ነገር ላትጠይቅ፣ ወደ ፊትም የሱፕሪምስ አባል ነበርሁ ብላ ራሷን ላታስተዋውቅ ተስማማች። በዚያው ወር ቶማስ ቻፕማን የተባለውን፣ በሞታውን ሾፌር የነበረውን ሰው አገባች። ኤቢሲ ከተባለ ሌላ የሸክላ ኩባንያም ጋር ተዋዋለች። ሁለት ሸክላ አወጣች፤ አልተሸጡም። የቀረጸችው አልበምም ሳይወጣ በመጋዘን ቀረ። ለምን አልተሸጡም ብለን ብንጠይቅ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ አንደኛው ግን ግልጽ ነው። ማስታወቂያው ማን መሆኗን ለሕዝብ መናገር አይችልም ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 1969 ፕሬዚደንት ኒክሰን ሥልጣን በያዙበት ዕለት ማታ ከተደረጉት ግብዣዎች በአንዱ ላይ ዘፈነች፤ ከዚያ በኋላ በሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ተዘጋ።

በ1971 ፍሎረንስ ሞታውንን 8.7 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰች። ክሱ ተዘጋ፤ ይግባኙም አልረዳትም። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት በተለይ የሕግ ተማሪዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ነው፤ የፈረመችውን ስምምነት ለማፍረስ ከፈለገች አስቀድማ የተቀበለችውን ገንዘብ መመለስ ነበረባት። ገንዘቡ ግን አልቆ ነበር። ገንዘብ ስለሌላት ከሰሰች፤ ገንዘብ ስለሌላት ተረታች። ከሕጉ አንጻር ፍርዱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ሰው ዋጋውን በእጁ ይዞ ውሉን ሊያፈርስ አይችልምና። ይሁን እንጂ ውሉ ሲፈረም በጠረጴዛው ማዶና ማዶ የተቀመጡት ሁለት ወገኖች በዕውቀትም በአቅምም እኩል ነበሩ ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ።

የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ቤቷ በዕዳ ተወሰደ፤ ከባሏ ጋር ተለያየች፤ ሦስት ሴቶች ልጆቿን ይዛ መንግሥት ለችግረኛ እናቶች በሚሰጠው መደጎሚያ መኖር ጀመረች። በ1975 ጋዜጦች ይህን ሰምተው ስለ ውድቀቷ ጻፉ። ለስምንት ዓመት ያላስታወሷት ሰዎች በድህነቷ አስታወሷት። ዝና እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ከፍ ባለ ጊዜ ያያል፣ በወደቀም ጊዜ ያያል፤ በመካከሉ ያለውን ረጅሙን ኑሮ ግን አያይም።

ነገር ግን ስለ ፍሎረንስ ከተጻፈው ሁሉ እኛን ይበልጥ የነካን በዚያው ዓመት ያደረገችው አንድ ነገር ነው። ጆን ሊትል የምትባል ወጣት ጥቁር ሴት በሰሜን ካሮላይና እስር ቤት ውስጥ ሊደፍራት የመጣውን ጠባቂ ገደልሽ ተብላ በነፍስ ግድያ ተከሳ ነበር። ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ለማሰባሰብ በጁን 1975 በዲትሮይት በፎርድ አዳራሽ የሙዚቃ ትርዒት ተዘጋጀ። ፍሎረንስ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ወጥታ ዘፈነች፤ ሕዝቡም በጭብጨባ መልሶ ጠራት። በ1960 በራሷ ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው በዚያች ሌሊት ለማን እንደ ዘፈነች አይጠፋውም። ጆን ሊትል በኦገስት ነጻ ተለቀቀች። ፍሎረንስም ከባሏ ጋር ታረቀች፤ በእጇም ጥቂት ገንዘብ ገብቶ ስለ ነበር ትንሽ ቤት ገዛች፤ ወደ ዘፈን ለመመለስም ታስብ ነበር።

ጊዜው ግን አልበቃትም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1976 ልቧ ደከመና በዲትሮይት ሆስፒታል ሞተች። በቀብሯ ቀን የኒው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሺ በሚቆጠር ሕዝብ ተጨናነቀ። ጸሎቱን የመሩት የዘፋኟ የአሬታ ፍራንክሊን አባት ናቸው። ሜሪም ዳያናም መጡ። ዳያና ሮስ ለልጆቿ ማሳደጊያ የሚሆን ገንዘብ በአደራ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ይህንንም ሳንጽፍ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ሱፕሪምስስ ምን ሆኑ? ዳያና ሮስ በጃንዋሪ 1970 ተሰናብታ ብቻዋን ወጣች። ሌሎች ሴቶች እየተተኩ ጓዱ እስከ ጁን 1977 ቆየ፤ የመጨረሻውንም ትርዒት በሎንዶን አሳይቶ ተበተነ። ከመጀመሪያዎቹ ያልወጣችው ሜሪ ዊልሰን ብቻ ነበረች። እርሷም ከዚያ በኋላ ስሙን ለመጠቀም ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገተች፤ የቆዩ ጓዶች ስም ምንም ባልሠሩ ሰዎች እንዳይነገድበትም በየግዛቱ ሕግ እንዲወጣ ስትታገል ኖራ በ2021 ዐረፈች። በ1981 ድሪም ገርልስ የተባለው የሙዚቃ ቴአትር በኒው ዮርክ ተከፈተ፤ ብዙ ሰው በውስጡ የፍሎረንስን ዕጣ አየበት። በ2006 ወደ ፊልም ሲለወጥ በዚያ ቦታ የተጫወተችው ጄኒፈር ሃድሰን የኦስካር ሽልማት አገኘች። በመጋዘን የቀረው አልበም እንኳ ደራሲው ከሞተ በኋላ እንደሚታተም መጽሐፍ ዘግይቶ ለገበያ ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፍሎረንስ አልነበረችም።

አሁን ፍርዳችንን እንስጥ። ዳያና ሮስ ጎበዝ ዘፋኝ ናት፤ ከፊት ቁሚ ሲሏት ቆመች። ቤሪ ጎርዲም ለጥቁር ሕዝብ በር የከፈተ ነጋዴ ነው፤ ያለ እርሱ ሦስቱ ልጆች ከብሩስተር ሰፈር ላይወጡ ይችሉ ነበር። ፍሎረንስም ጥፋት የሌለባት መልአክ አልነበረችም። ነገር ግን ሠራተኛ ሲያጠፋ ከሥራ ይሰናበት ይሆናል እንጂ፣ ሠርቶ ያለፈው ሥራ የእርሱ አልነበረም ተብሎ አይካድም። የአሥሩ ዘፈኖች ተቀባይ እርሷ መሆኗ፣ ስሙንም መምረጧ የሆነ ነገር ነው። የሆነውን ነገር እንዳትናገር በወረቀት ማሰር ግን ከዋጋ ክርክር ያለፈ ነው፤ የሰውን ታሪክ መግዛት ነው። እኛ የምንቃወመው ይህን ነው።

ከእኛም መካከል ነገ ጓድ የሚያቋቁም፣ ጽሑፍ የሚያሳትም፣ ቴአትር የሚያዘጋጅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሥራ የሚጀምር አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ወንድማማችና እኅትማማች ስለሆነ ስለ ወረቀት ማንሣት ነውር ይመስላል። ነገር ግን ወረቀት ለመጻፍ የሚመቸው ያው ፍቅር ያለበት ቀን ነው። ስሙ የማን ነው? ማን ያወርዳል፣ ማን ይቀበላል፣ መቼስ ይለዋወጣሉ? ወጪውን የሚቆጥረው ማን ነው? የሚለይ ቢኖር ምን ይዞ ይለያል? እነዚህን ጥያቄዎች በሃያ ዓመት ዕድሜዋ የሚጠይቅላት ያላገኘች አንዲት ልጅ ነበረች። የሱፕሪምስን ዘፈን ከእንግዲህ ስንሰማ ጆሯችንን ከዳያና ድምፅ ጥቂት አልፈን ከኋላ እናዘንብል፤ እዚያ የምትቀበለው ፍሎረንስ ባላርድ ናት።